ለጅግሶ የተቀመጠች ጥይት

ላንድሮቨሩ የጪጩን ገበያ አልፎ የወናጎን መንገድ ሲይዝ ጭጋጉ ገና ከእንሰቱ ቅጠል አልተላቀቀም ነበር። ረህማ ጠመንጃዋን በጉልበቶቿ መካከል አቁማ፣ አፈሙዟን በመስኮቱ በኩል ወደ ሰማይ አቅንታ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር አብራ ትዘል ነበር።

«አፈሙዟን ከሰው አርቂልኝ፣ ልጄ» አሉ ከኋላ የተቀመጡት ግራዝማች ሠረቀብርሃን። «ትናንት ሮቶ ገድላለች።»

«ባዶ ናት፣ ግራዝማች። ከዲላ ስንነሣ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ አባባም በጣታቸው ዳስሰው አረጋግጠዋል።»

«ሰይጣን የገባባት ጠመንጃ ባዶ ነኝ ብትልሽ ታምኛታለሽ?»

«ሰይጣን ጥይት የሚገዛበት ፈቃድ የለውም» አሉ ከጎናቸው የተቀመጡት የረህማ አባት፣ አቶ አብዱልሰመድ። ሦስቱም ሳቁ። መሪውን የጨበጠው ደግነት ብቻ አልሳቀም። እርሱ አባቱን ሊቀብር የሚሄድ ሰው ነበር።

ጊዜው ኅዳር ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው። በመኪናው የፊት መስታወት ላይ «እንኳን ለአዲሱ ሚሊኒየም አደረሳችሁ» የሚል ወረቀት እንደ ተለጠፈ አለ፤ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት ከቀይነት ወደ ሮዝነት ወርዷል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የአዲሱ ሺህ ዓመት የመጀመሪያ ቡና ይለቀማል። ሰዎች ቅርጫታቸውን ታቅፈው ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ላንድሮቨሩን አይተው ግራዝማችን ሲያውቁ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። የማዕረጉ ሰጪ መንግሥት ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ከዲላ እስከ ገደብ ድረስ እኚህን የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ በባዶ ስማቸው የሚጠራ ሰው አልተገኘም። አንዳንዱ እንዲያውም ግራዝማች የሚለው የክርስትና ስማቸው ይመስለዋል።

የሟቹ ስም ሀይቻ ጅግሶ ነበር። ሀይቻ የሽማግሌነት ማዕረጋቸው ነው፤ በባንኮ ጎቲቲ የተከበሩ የጌዴኦ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከግራዝማች ጋር አርባ ዓመት አብረው አድነዋል። በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጨረሻ፣ ሁለቱም ጎልማሶች ሳሉ፣ አንድ ሌሊት በዝናብ ተይዘው ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተኮራምተው ሲያድሩ ተማማሉ፤ ቀድሞ የሞተውን የቀረው ሲቀብር፣ በዚህችው ምንሽር ጠመንጃ፣ በገዛ እጁ፣ አንድ ጥይት እንዲተኩስ። ደርግ መጣ፣ ሄደ፤ አደኑም ቀረ። ግራዝማች ግን ሁለት ጥይቶችን በጨርቅ ጠቅልለው ከዳዊታቸው ጎን አስቀምጠው ኖሩ።

ትናንት ደግነት የአባቱን ሞት ሊያረዳቸው ሲመጣ ጠመንጃቸውን ከግድግዳ አወረዱ፤ አንዷን ጥይት አጎረሱና ከግቢው ግንብ አስደግፈው ካፖርታቸውን ሊያመጡ ገቡ። በቀትር ፀሐይ፣ ሰው ሳይነካት፣ ምንሽሯ በራሷ ተኮሰች። ሮቶው ተበስቶ አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ግቢውን አጥለቀለቀው። የቀረችው አንዲት ጥይት አሁን በግራዝማች የደረት ኪስ ውስጥ ናት። ቀብሩም ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከሦስት መቶ የማያንስ ለቀስተኛ ይጠብቃል።

«እዚህ ጋ» አሉ ግራዝማች ወናጎን ሲያልፉ በከዘራቸው ወደ አንድ ነዳጅ ማደያ እየጠቆሙ፣ «ጅግሶና እኔ ሁለት ድኩላ በአንድ ጧት ጥለናል። በቅሏችንን ያሰርንባት ዋንዛ የቆመችው አሁን ያ ጎሚስታ ከተቀመጠበት ላይ ነበር።»

«ባለፈው ዓመት ዋንዛዋ ይርጋጨፌ ነበረች» አሉ አቶ አብዱልሰመድ።

«አንተ ደግሞ! ዓይንህ ቢደክም ጆሮህ በረታ።»

እውነትም የአቶ አብዱልሰመድን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። በዲላ «የሚዛን ሐኪም» በመባል የሚታወቁት እኚህ ሰው ከዚያ በፊት ጠመንጃ ጠጋኝ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ሱቅ ጓሮ ሞያውን ሲማሩ፣ ይህችኑ ምንሽር ከሣጥኗ አውጥተው፣ ባሕር ስትሻገር እንዳትዝግ የተቀባችውን ቅባት ጠርገው ለግራዝማች ያስረከቡት እርሳቸው ናቸው። አዳኞቹ ሲያልቁ ወደ ቡና ሚዛንና ወደ ቡና መፈልፈያ ዞሩ። አሁን ሥራውን የምትሠራው ረህማ ናት፤ አባቷ ከጎኗ ተቀምጠው በጣታቸውና በጆሮአቸው ይቆጣጠሯታል።

ረህማ ጠመንጃዋን አቀባበለችና ምላጯን ሳበች። ከበድ አለች፤ ከዚያ ለቀቀች። ደገመች። ሠለሰች።

«ግራዝማች፣ ምንም የለባት። እንዲያውም ምላጯ ጠንካራ ነው።»

«ትናንት ማታም እንዲሁ ሆነች። ምራቴ ደንግጣ ጠበል አርከፈከፈችባት፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋ ሆነች። እኔማ ድናለች ብዬ ነበር። ይህ ደግነት ነው አይሆንም፣ ሳትታይ አትሄድም፣ መጀመሪያ ዲላ ሱቅሽ እንሂድ ብሎ የጨቀጨቀኝ።»

ረህማ ወደ ደግነት ተመለከተች። ሰውዬው ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

«እስቲ ከጆሮዬ አጠገብ ሳቢያት» አሉ አባቷ። ረህማ ወደ ኋላ ዞራ ሳበችላቸው። አቶ አብዱልሰመድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብረት ከብረት ሲላቀቅ እንዲህ አይልም። ይህ ከጭቃ የሚወጣ እግር ድምፅ ነው።»

ይርጋጨፌ ሲደርሱ ረህማ በልቧ አመነታች። ሱቋን ዘግታ ነው የወጣችው፤ ቡና በሚመዘንበት በዚህ ወቅት የአንድ ቀን ሥራ ብዙ ነው፤ ጠመንጃዋም ደህና ናት። ከዚህ ወርደን በአውቶቡስ ብንመለስስ ልትል አፏን ከፈተችና የግራዝማችን እጅ በመስታወቱ አየች። የደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው ከድነው ይዘዋል፤ ጫጩት የያዙ ይመስላሉ። ጠመንጃዋን አስተካክላ ያዘች።

ባንኮ ጎቲቲ የደረሱት ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። ጭጋጉ ተገፍፎ ፀሐይዋ ጠንክራለች። ግራዝማችና ደግነት ወደ ለቅሶው ድንኳን ወጡ፤ አባትና ልጅ ብረት ጠፍንጎ የሚይዝ ሞርሳ ፍለጋ ወደ ቡና ማጠቢያው ወረዱ። የማጠቢያው ዘበኛ ረህማን ያውቃታል፤ ሁለት መፈልፈያ አድሳለታለች። ከመፈልፈያው ዳስ ውስጥ ጠረጴዛና ሞርሳ ሰጣት።

«ልፍታት?» አለች ረህማ።

«ቆዪ። የታመመ ሰው ሐኪም ፊት ሲደርስ ይሻለዋል። ትናንት ስትተኩስ የት ነበረች?»

«ግቢ ውስጥ። በቀትር።»

«እንግዲያስ ቀትርን እናምጣላት።»

ረህማ ባዶነቷን እንደገና አረጋገጠች፤ ጠመንጃዋን አቀባብላ ቡናው ከተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ጫፍ ላይ፣ አፈሙዟን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ አጋደመቻት። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ራቅ አሉ። ከእነርሱ አንዷ «ኧረ እቴ፣ ይቺ ደግሞ ልትደርቅ ነው የተሰጣችው?» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። አቶ አብዱልሰመድ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያዙ። ደግነት ከለቅሶው ቤት ወረደ፣ ጠመንጃዋን አየ፣ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ወረደ። የሟች ልጅ ከድንኳኑ ሊታጣ የማይገባበት ሰዓት ነበር፤ ቢሆንም ሦስተኛ ጊዜ መጣ።

አርባ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሳይነካት፣ ነፋስም ሳይነፍስ፣ ከጠመንጃዋ ሆድ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ።

ጠቅ።

ሴቶቹ ጮኹ። አቶ አብዱልሰመድ ፈገግ አሉና «አልሐምዱሊላህ፣ በሽታዋ ተገኘ» አሉ።

ረህማ በሞርሳው አስራ ፈታቻት። የምላጩን ክፍል ስታወጣ ከብረቱ ሥር፣ ብረት ሊኖር ከሚገባበት ቦታ፣ የደረቀ ነጭ ክር ተጎልጉሎ ወጣ። በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወደ ብርሃን አነሣችው። የእንሰት ቃጫ ነበር። ጌዴኦ ቤቱን የሚያስርበት፣ አጥሩን የሚጠግንበት፣ ያላበረ ነገር ሁሉ የሚያቻችልበት ቃጫ! በጭጋግ ሲርስ ያብጣል፣ ምላጩን ደግፎ ያከብደዋል፤ በፀሐይ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ድጋፉም ይጠፋል። ጠመንጃዋ ጧት ጨዋ፣ ቀትር ላይ እብድ የምትሆነው ለዚህ ነበር። ጠበሉም ሥራውን ሠርቷል፤ ሌሊቱን ሰው ጠብቋል።

ይሁን እንጂ ቃጫው ሁለተኛው ስሕተት እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም። አቶ አብዱልሰመድ ጥርሱን፣ ማለት ምላጩ እስኪሳብ ድረስ መምቻውን ይዞ የሚያቆየውን ጠርዝ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳበሱት። «ሞረድ በልቶታል» አሉ። «እንደ እኔ ድድ ለስልሷል። ይህን ያደረገው ሰው ምላጩን ሊያቀልል ፈልጎ ነው። ቀለለለት። ከልክ በላይ ቀለለለት።»

ረህማ ወደ ዳሱ በር ተመለከተች። ደግነት እዚያው ቆሟል። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ የሀዘን ጋቢ የደረበ ሰው፣ ሰሐን እንደ ሰበረ ልጅ አንገቱን ደፍቷል።

«ወንድሜ ደግነት፣ ይህ የማን ቃጫ ነው?»

«የእኔ» አለ፤ አማርኛው የጌዴኦኛ ዜማ አለው። «መስከረም ላይ ላጽዳት ብዬ ወሰድኳት። አባቴ ታሞ ነበር። ጠራኝና ምን አለኝ? ‹እኔ መሄዴ ነው። የግራዝማች ጣት ግን ደክሟል፤ ባለፈው ጊዜ ሲሞክር አይቼዋለሁ፣ ምላጩ እምቢ ብሎታል። ሰው ፊት እንዳያፍር አቅልልለት፤ እንዳትነግረው ደግሞ።› እኔ ጥቂት ሞረድኩ። ከዚያ ጥቂት። ከዚያ አልያዝ አለች፤ ቃጫ ጠቀጠቅኩባት። ያዘች። ደስ አለኝ።» ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «በሮቶው ቦታ የግራዝማች ምራት ቆማ ቢሆን ኖሮስ? ሌሊቱን እሱን ሳስብ ነው ያደርኩ።»

«ለግራዝማች ነግረሃቸዋል?»

«በየትኛው አፌ?»

ረህማ የአባቷን የመሣሪያ ሣጥን ከፈተች። ሞረድ የበላው ብረት አይመለስምና፣ ያለው መድኃኒት ሌላ ጥርስ ማግኘት ብቻ ነው። አቶ አብዱልሰመድ አዳኞቹ ባለቁበት ዘመን የተሰበሩ ምንሽሮችን በኪሎ ገዝተው፣ ደህና ደህናውን አውጥተው፣ በቅባት ጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠው ነበር። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ «ይህን ዝገት መቼ ነው የምትጥለው?» እያሉ ሠላሳ ዓመት ጠይቀዋቸዋል። ሦስት ጥርሶች ተገኙ። ሁለቱ አልገጠሙም። ሦስተኛው በቀጭን መሳያ ድንጋይ ሲስተካከል፣ ሲለካ፣ እንደገና ሲስተካከል ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ረህማ ስትስል አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ «በቃ» ሲሏት ታቆማለች፣ «ትንሽ» ሲሏት ትቀጥላለች። ረህማ ሚዛን ማቃናት የተማረችው በዚህ መንገድ ነበር። እንዲህ ትከሻ ለትከሻ ከሠሩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ስታስብ እጇ ለአፍታ ቆመ።

«ምነው?» አሉ።

«ምንም፣ አባባ። አቧራ ገብቶብኝ ነው።»

ገጣጥማ፣ አቀባብላ፣ ሰደፏን ከመሬት ጋር ደጋግማ መታቻት። በመዶሻ እንጨት ጎኗን ደበደበች። ከፀሐይ አስጥታ ጠበቀች። ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። ምላጩን ስትስበው ግን ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። አቶ አብዱልሰመድ ፊታቸው በራ፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከሣጥኗ ያወጧት ጠመንጃ ድምፅ ነበር።

ግራዝማች ከድንኳኑ ሲወርዱ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ባዶዋን ጠመንጃ ተቀበሉ፤ ትከሻቸው ላይ ስታርፍ ወገባቸው ቀና አለ። ሌባ ጣታቸውን ምላጩ ላይ አሳረፉ። ሳቡ። ጣታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ምላጩ አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ሳቡ። በመሃል ጣት ሞከሩ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ።

«ትናንት ማንም ሳይለምናት ትተኩስ ነበር፤ ዛሬ ጌታዋ ሲለምናት እምቢ አለች!»

«ደህና የሆነ ምላጭ እንዲህ ነው፣ ግራዝማች» አለች ረህማ።

«ጥቂት አቅልዪልኝ። ጥቂት ብቻ።»

«አላደርገውም።»

«ረህማ!»

«ይቆጡኝ። ከሦስት መቶ ሰው መካከል የላላ ጠመንጃ አላቆምም።»

ግራዝማች ወደ አቶ አብዱልሰመድ ዞሩ። «አንተ እዘዛት እንጂ!»

«አዝዣታለሁኮ» አሉ አቶ አብዱልሰመድ በለሆሳስ። «እንዲህ እንድትሠራት ያዘዝኳት እኔ ነኝ። የላላ ምላጭ ሰው አይመርጥም፣ ግራዝማች። ወላሂ፣ ለእርስዎ ብዬ ብዙ አደርጋለሁ፤ ይህን ግን አላደርገውም።»

ሽማግሌው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «በገዛ እጄ ብዬ ምያለሁ» አሉ። «ጅግሶ ቢቀብረኝ ኖሮ በገዛ እጁ ይተኩስልኝ ነበር። አሁን ሰው አስተኩሼ ልቅበረው? መጀመሪያስ ይህችን የመሰለች ጠመንጃ ያበላሸ ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ።»

ረህማ መፍቻዎቿን መጠቅለል ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አለ ደግነት።

ግራዝማች ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አባቴ ነው ያዘዘኝ። ‹ጣቱ ደክሟል፤ ሰው ፊት እንዳያፍር› አለኝ።»

 ከውጭ ውሃው በማጠቢያው ቦይ ሲወርድ ይሰማል። የግራዝማች ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ረህማ እያለቀሱ መስሏት ተጠጋች። እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው ግን በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«አይ ጅግሶ!» አሉ። «ሰማንያ ዓመት ሲሞላኝ ‹ጣትህ እንዴት ነው?› ብሎ ጠይቆኝ፣ ‹እንደ ብረት› አልኩት። ምንም ሳይናገር ቡናውን ጠጣ። ለካ አላመነኝም!» ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠራርገው ተነሡና ደግነት ፊት ቆሙ። «አንተ የጅግሶ ልጅ፣ ጥፋት አጥፍተሃል። ካሳ ትከፍላለህ።»

«እከፍላለሁ። የሮቶውንም—»

«ሮቶውን ተወው። ጣት ታዋሰኛለህ።»

ሬሳው ከቤቱ በላይ፣ ከቡናና ከእንሰቱ ማሳ ጫፍ፣ ጫካው ከሚጀምርበት ጥግ ተቀበረ። ጸሎቱ ሲያበቃ፣ መዘምራኑ ዝማሬያቸውን ሲያቆሙ፣ ሽማግሌዎቹ ለግራዝማች መንገድ ከፈቱ። ረህማ ጥይቷን ከግራዝማች ተቀብላ በገዛ እጇ አጎረሰች፤ አፈሙዟ ከሰው ሁሉ በላይ፣ ወደ ባዶው ሰማይ እንዳቀና አይታ አቀባበለችና አስረከበቻቸው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በሥራዋ ትተማመናለች፤ ቢሆንም ቀትር ነበር።

ምንሽሯ በግራዝማች እጅ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ በፀሐይ ቆየች። አልተነፈሰችም።

ደግነት ከኋላ ሆኖ ግራዝማችን አቅፎ ያዘ። የሽማግሌው ጣት ምላጩ ላይ አረፈ፤ የደግነት ጣት በላዩ ላይ ተደረበ።

«አትቸኩል» ሲሉት ረህማ ሰማች። «እኔ ስስብ ነው የምትስበው።»

ሳቡ። ምላጩ ለረጅም ጊዜ ተቋቋማቸው።

ጥይቷ ስትጮህ ወፎቹ ከዛፉ ሁሉ ተነሡ፤ ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ከማዶው ተራራ ተመለሰ። ግራዝማች ጠመንጃዋን ለደግነት ተዉለትና ፊታቸውን ከመቃብሩ ወደ ጫካው አዞሩ። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ቀለሱ፤ ማንም የዚህ ዘመን ሰው ባልሰማው የአዳኝ ድምፅ ተጣሩ።

«ድኩሎች ስሙ! ከርከሮዎች ስሙ! ጅግሶ ተቀብሯል!»

«ምንድን ነው?» አለች ረህማ በሹክሹክታ።

«ለእነሱ ነው የሚነገረው» አለ ደግነት፤ ዓይኑ በእንባ ተሞልቷል። «አዳኝ ሲሞት አውሬው ከስጋት ይፈታል፤ ይነገረው ብለው ነበር የተማማሉት። አባቴ ነግሮኛል።»

ግራዝማች ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና እንደገና ተጣሩ፤ ድምፃቸው አሁን ዝቅ ያለ፣ ጎረቤት የሚጠሩ የሚመስል ነበር።

«ሠረቀብርሃንም ከዛሬ ጀምሮ አያድንም። ሁለታችንም የለንም። ውጡና ጋጡ።»

ከጫካው ማንም አልወጣም። ቢሆንም ግራዝማች ከዘራቸውን ተደግፈው ጠበቁ፤ ሽማግሌዎቹም፣ መዘምራኑም፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሮ አብሯቸው ጠበቀ።